መድኃኒቱን ያቆማችሁት በማን ምክር ነው?



ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ለክትትል መጡ። ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ደም ሥራቸው ተዘግቶ በስቴንት የተከፈተላቸው ናቸው። የደም ምርመራቸውን ሳየው መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ እንደገና አሻቅቧል። «አባቴ፣ መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። «አይ ዶክተር፣ ከተውኩት ሦስት ወር አለፈኝ» አሉኝ።

ልጃቸው ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳይታቸዋለች። «ኮሌስትሮል ጠላት አይደለም፤ ጠላቱ ኦክሲዳይዝድ የሆነው ብቻ ነው። ኪኒኑን ትታችሁ አንቲኦክሲዳንትና የዕፅዋት ስቴሮል ውሰዱ» ይላል። ከቪዲዮው ሥር የሚሸጠው እንክብል ከነዋጋው ተቀምጧል።

ልጅቱን አልወቅሳትም፤ ለአባቷ አስባ ያደረገችው ነው። የምወቅሰው ግማሽ እውነት ይዞ ሙሉ ውሸት የሚሸጠውን ነው።

እውነት የሆነው ግማሹ ይኸውላችሁ። ኤልዲኤል በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። እዚያ ሲቆይ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ይበላሻል፤ ብረት እንደሚዝገው በሉት። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይህን የዛገ ስብ እየዋጡ በስብ ይሞላሉ፣ እዚያው ተከማችተው ይቀራሉ። ክምችቱ ዓመት በዓመት እያደገ የደም ሥሩን ያጠብባል። አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበታል። የልብ ድካም አብዛኛውን ጊዜ፣ ስትሮክም አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? «ስለዚህ ኮሌስትሮሉን ተዉት» የሚለው ላይ ነዋ! ብረት በሌለበት ዝገት ከየት ይመጣል? ግድግዳው ውስጥ የሚዝገው እኮ ያው ኤልዲኤል ነው። ከደም ሲቀንስ የሚሰርገውም የሚዝገውም ይቀንሳል።

ካላመናችሁ ሕፃናቱን ተመልከቱ። ከእናትም ከአባትም በዘር የወረሱት ችግር ኖሮባቸው ኤልዲኤላቸው ከተወለዱ ጀምሮ እጅግ ከፍ ያለ ልጆች አሉ። ካልታከሙ ገና በልጅነታቸው የልብ ደም ሥራቸው ሊዘጋ ይችላል። እነዚህ ልጆች ሲጋራ አላጨሱም፣ ለዓመታት ጮማ አልቆረጡም። ብራውንና ጎልድስታይን የተባሉት ሐኪሞች ይህን በሽታ ተከታትለው ሰውነት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሳበትን መንገድ በማግኘታቸው በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ኮሌስትሮል ንጹሕ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ ለእነዚህ ልጆች ይመልስ።

«እሺ፣ ዝገቱን በቫይታሚን ብንከላከልስ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ተሞክሯልም። በብሪታኒያ የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር። ለልብና ለደም ሥር ሕመም የተጋለጡ 20,536 ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ተከታተሉ። ገሚሶቹ ቫይታሚን ኢ፣ ቫይታሚን ሲና ቤታ ካሮቲን ወሰዱ፤ ገሚሶቹ መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን። ቫይታሚኑ ደማቸው ውስጥ ጨመረ፤ የልብ ድካሙም ስትሮኩም ግን አልቀነሰም። በዚያው ጥናት፣ እነዚያው ሰዎች ላይ፣ ሲምቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒትም ተፈትኗል። እሱ የልብ ድካምንና ስትሮክን በሩብ ያህል ቀነሰ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

የዕፅዋት ስቴሮልስ? እሱም ግማሽ እውነት አለው። ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባና ጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል። አንጀት ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር ስለሚሻማ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ከምግብ በቀን የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ግራም በታች ነው። በቀን 2 ግራም ተጨምሮ ሲወሰድ እንኳ ኤልዲኤልን የሚቀንሰው ከ10 በመቶ በማይበልጥ ነው። ጠንከር ያለ የስታቲን መጠን ግን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ደግሞም ስቴሮል መውሰድ የልብ ድካምን እንደሚከላከል ያሳየ ጥናት የለም። እንዲያውም ሰውነታቸው ስቴሮልን ከልክ በላይ የሚመጥ፣ በዚህም ምክንያት ደም ሥራቸው ያለ ዕድሜው የሚጎዳ ጥቂት ሰዎች አሉ። ሽሮውንና ተልባውን ብሉ፤ የመድኃኒት ምትክ ግን አታድርጉት።

የዛገ ስብ በእውነት ካስፈራችሁ ከኩሽናችሁ ጀምሩ። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚገዙት ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ በስንተኛ ቀኑ ዘይት እንደተጠበሰ ታውቃላችሁ? እየተደጋገመ የጋለ ዘይት ስቡም ስቴሮሉም ይበላሻል። «የጾም ነው» ማለት ለደም ሥር ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ቅቤም ሲነጠር ይለወጣል፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በሕንዶች የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ኦክሲዳይዝድ ኮሌስትሮል አግኝቷል፣ ትኩስ ቅቤ ውስጥ ግን አላገኘም። የእኛም ቅቤ እሳት ላይ ስለሚነጠር ለበዓል ይሁን፣ ለዕለት ወጥ በልክ።

ዘይት ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ ስታዩም አትታለሉ። የትኛውም የዕፅዋት ዘይት ድሮም ይህ ነው የሚባል ኮሌስትሮል የለውም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ስብ ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው፦

✔ የታዘዘላችሁን ስታቲን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቁሙ። ጡንቻ ካመማችሁ ንገሩን፤ መጠኑን መቀነስ ወይም ዓይነቱን መለወጥ ይቻላል። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ግን ቶሎ አሳውቁን።

✔ ወላጆች፣ ከቤተሰባችሁ ከ55 ዓመት በፊት የልብ ድካም የያዘው ወንድ ወይም ከ60 ዓመት በፊት የያዛት ሴት ካለ የልጆቻችሁን ኮሌስትሮል አስመርምሩ። በዘር የሚተላለፈው ዓይነት በልጅነት ከተገኘ ይታከማል። ሳይቃጠል በቅጠል!

✔ የጠቆረ፣ አረፋ የሚያወጣ ወይም ቶሎ የሚጨስ ዘይት ድፉት። አሮጌው ላይ አዲስ አትጨምሩበት።

✔ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው የሚሸጠው ነገር ካለ ቆም ብላችሁ ጠይቁ።

እኚያ አባት መድኃኒታቸውን እንደገና ጀምረዋል። ከልጃቸው ጋርም ተነጋግረናል፤ አሁን ኪኒኑን በሰዓቱ የምታስታውሳቸው እሷ ናት።

ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒቱን በቪዲዮ ምክር ያቆመ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አጋሩት። ዛሬውኑ ደውላችሁም «እየወሰድክ ነው? እየወሰድሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጤና ይብዛላችሁ!