ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩን ማንበብ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው «ዲኤክስ» የመኪና ስም ነው። «እገሌ ምን ገዛ?» ሲባል «ዲኤክስ» ከተባለ ቶዮታ ኮሮላ መሆኑ ሳይነገር ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ፊደላት «ዴሉክስ» ለሚለው ቃል ምሕጻር ናቸው። የሚያመለክቱትም የመኪናውን ስም ሳይሆን፣ መኪናው በምን ያህል ዕቃ ተሟልቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ይህ ደረጃ እዚህ አገር «ትሪም» ይባላል።

ዳላስም ሆነ ፎርት ዎርዝ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ካላወቀ በቀላሉ ይሳሳታል፤ ፊደሉን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ይጠቀምበታልና። ለምሳሌ ያህል ከ1993 እስከ 1997 አሜሪካ ውስጥ በተሸጠው ኮሮላ ዲኤክስ ከመነሻው ደረጃ ከፍ ያለ ነበር። ከ1996 እስከ 2000 በወጣው ባለ አራት በር ሆንዳ ሲቪክ ግን ዲኤክስ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ነው። መስኮቱ በእጅ የሚዞር ሲሆን ኤሲ አብሮት አይመጣም ነበር። በነሐሴ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤልኤክስ የተባለው የኤሌክትሪክ መስኮት አለው። ኢኤክስ ደግሞ የሚከፈት ጣሪያና፣ በ106 ፈንታ 127 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አለው።

ፊደሉ ስለ ሞተሩ ሁልጊዜ አይናገርም። ከ1997 እስከ 2001 የወጣው ካምሪ ኤልኢ ባለ 4 ሲሊንደር 2.2 ሊትር ወይም ባለ 6 ሲሊንደር 3 ሊትር ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያጣራ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ይዞ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ከኋላ የሚለጠፈው ፊደል በጥቂት ዶላር የሚገዛ ፕላስቲክ ስለሆነ ማንም ሊቀይረው ይችላል።

የማያሳስተው የሻንሲ ቁጥሩ፣ እዚህ «ቪን» የሚባለው ነው። ከ1981 ሞዴል ወዲህ 17 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት፤ በሾፌሩ በኩል በፊት መስታወት ሥር ይነበባል። የመጀመሪያው የተሠራበትን አገር ይነግራል፦ ጄ ጃፓን፣ 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ። አሥረኛው የሞዴሉ ዓመት ነው፦ ደብልዩ 1998፣ ኤክስ 1999፣ ዋይ 2000፣ ከ1 እስከ 9 ያሉት ደግሞ ከ2001 እስከ 2009። በመስታወቱ ሥር፣ በሾፌሩ በር ተለጣፊና በታይትሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆነ ገዢው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከ2001 እስከ 2003 በወጡ አንዳንድ የሆንዳና የአኩራ መኪናዎች ውስጥ ያለው የታካታ ኤርባግ በግጭት ጊዜ ፈንድቶ የብረት ስባሪ ሊረጭ ይችላል። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ እነዚህ መኪናዎች ሳይጠገኑ እንዳይነዱ ያስጠነቅቃል። ኤርባጉ ተቀይሮ እንደሆነ ከኋላ ያለው ፊደል አይናገርም። የቪን ቁጥሩ ግን ለመሥሪያ ቤቱ ሲሰጥ በነጻ ይታያል፤ ጥገናውም በነጻ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። የመኪናም ሥሩ ቁጥሩ ነው።