ከድልድይ የጀመረ ሥራ፦ ቦጋለች ገብሬ በከምባታ

ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት በከምባታ፣ ዛቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ሴት ልጅ ቀኗ በእንሰቱ ጓሮና በውኃው መንገድ መካከል ያልቃል፤ ፊደል መቁጠር የወንድ ልጅ ዕድል ነበር። ቦጋለች ውኃ ልቅዳ እያሉ ከቤት ይወጡና ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ12 ዓመታቸው ተገረዙ፤ ብዙ ደም ፈሷቸው ለጥቂት ተረፉ። አንዲት እኅታቸው ግን አልተረፈችም፤ ግርዛቱ ባስከተለው ጉዳት መንታ ልትገላገል ስትል በምጥ ሞተች።

በመንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ ገብተው አዳሪ ተማሪ ሆኑ። ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም አቅንተው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ አጠኑ። በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ማሳቹሴትስ ደረሱ፤ ቀጥለውም ሎስ አንጀለስ ኤፒዲሚዮሎጂ ተማሩ። ካሊፎርኒያ ሳሉ ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ ያሰባስቡ፣ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም መጻሕፍት ይልኩ ነበር። እዚያው ኖረው ከሩቅ እየረዱ መቀጠል ይችሉ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እርሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ጠቅልለው ተመለሱና ከሌላዋ እኅታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ ቶፔ» የተባለውን፣ በአጭሩ ኬ.ኤም.ጂ የሚታወቀውን ድርጅት በዱራሜ አቋቋሙ።

ስለ ቦጋለች በሚወራው ሁሉ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚታለፈው እዚህ ላይ ነው። ከአሜሪካ የመጡት ስለ ኤች.አይ.ቪና ስለ ሴቶች ጤና ሊናገሩ ነበር። ሴት በጉባኤ መካከል ቆማ መናገሯ ራሱ እንግዳ በሆነበት አገር፣ ስለ አባላዘርና ስለ ግርዛት የምትናገርን ሴት ማን ይሰማል? ሕዝቡ አላባረራቸውም፤ ችግሩን ነገራቸው። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ገበያ እንዳይደርሱ የሚያግድ ገደል ነበር፤ የሚያስፈልገን ድልድይ ነው አሉ። ቦጋለች ድልድዩ ከጤና ትምህርቱ ምን አገናኘው ብለው አልተከራከሩም። የግንባታውን ዕቃ አቀረቡ፣ ነዋሪው ጉልበቱን አዋጣ፣ ድልድዩ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን የሚሰማ ሰው አገኙ። የውጭ ገንዘብ ይዞ መንደር የሚገባ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራውን ዝርዝር ከቢሮ ጽፎ ነው የሚመጣው። የእርሳቸው ብልኃት የራሳቸውን ዝርዝር ለጊዜው ወደ ኋላ ማቆየታቸው ላይ ነው፤ ከኋላ የመጣው ስኬት ሁሉ በዚህ መጀመሪያ ላይ የተገነባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የመጣው የማኅበረሰብ ውይይት ነው። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት፣ የሃይማኖት አባትና ገራዥ ሳይቀር አንድ ላይ ተቀምጠው በየሁለት ሳምንቱ ይመክራሉ። አወያዮቹ ከዚያው ከመንደሩ የተመለመሉና የሠለጠኑ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ስለ ግርዛት አይናገሩም፤ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሕመም ይነሣና ነገሩ ቀስ ብሎ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። በምጥ የሞተችው ማን ነበረች? ለምን ሞተች? ይህን ጥያቄ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቢጠይቀው ስድብ ይሆናል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲጠይቅ ግን መልስ ይፈልጋል። ስብሰባው ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ አሰልቺም ነው። ጥቅሙም ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ ችኩል ስብሰባ የሚያፈራው የይስሙላ ስምምነት ብቻ ነው።

ግርዛቱን ያቆየው ጭካኔ አልነበረም። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ይባላል፤ መሬት በባል በኩል በሚገኝበት አገር ባል ማጣት መተዳደሪያ ማጣት ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ጎጂነቱን አምኖ ቢተወው የሚጎዳው ልጁን ነው፤ ሁሉም አብሮ ካልተወው ማንም አይተወውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተደረገው ሠርግ ትርጉም ያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ ይህንኑ በአደባባይ አሳውቃ ተዳረች፤ ሙሽራው እንዲህ ያለችውን በማግባቱ ደስ እንዳለው ገለጸ፤ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብም ታደመ። ያልተገረዙ ልጃገረዶች ሚዜ ሆነው ቆሙ። በከምባታ ሠርግ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሠርግ ላይ የተነገረ ነገር በየገበያው ይደገማል። አንድም ባል አይገኝም የሚለው ሥጋት በአንድ ቀን፣ በሺህ ሰው ፊት ተሰበረ።

ከዚያ ነገሩን እድሩ ተረከበው። ልጁን የሚያስገርዝ ሰው በእድሩ ሕግ እንዲገለል የወሰኑ መንደሮች ነበሩ። ቀባሪ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ቅጣት ከፖሊስ ጣቢያ በላይ እንደሚከብድ ይገባዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ሰው ከ3 ወር ባላነሰ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር ባላነሰ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይኸው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያመልጥ የነበረበትን የቀድሞውን ቀዳዳም ዘግቷል። ጠለፋም ኬ.ኤም.ጂ የታገለው ሌላው ጉዳይ ነበር። ሕጉ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ልጅን በሌሊት፣ በጓዳ የሚያስገርዝ ቤተሰብን አይቶ የሚከስ ጎረቤት ከሌለ አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ውጤቱ ተመዝኗል። ዩኒሴፍ ባስጠናው መሠረት ኬ.ኤም.ጂ በሠራባቸው አካባቢዎች ግርዛትን የሚደግፈው ሰው ቀድሞ ሁሉም ለማለት ይቻል ከነበረበት ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ይህ አኃዝ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ሰው ለጠያቂ የሚመልሰውና በቤቱ የሚያደርገው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ቢሆንም በአንድ ትውልድ ዕድሜ እንዲህ ያለ ለውጥ በአገር ደረጃ አልታየም፦ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 80 በመቶው፣ በ2016 ደግሞ 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ።

ቦጋለች ሌላም ብዙ ሠርተዋል፦ የጤና አገልግሎት፣ የሙያ ሥልጠና፣ በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩና በዚሁ የተገለሉ ወገኖችን ከሌላው ጋር አንድ መድረክ ላይ ማስቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓ ምክር ቤትን የሰሜን-ደቡብ ሽልማት፣ በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀበሉ። ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ሲያርፉ በታላላቅ የውጭ ጋዜጦች የወጣው ዜና ዕረፍት በእነዚህ ሽልማቶች የታጀበ ነበር፤ አንዲት ጀግና ሴት ብቻዋን ባህልን ድል እንደነሣች የሚያስመስልም አልጠፋበትም። ይህ አጻጻፍ ያልታሰበ በደል አለበት፤ በየሁለት ሳምንቱ እየተቀመጠ የመከረውን ገበሬ፣ ቢላዋዋን ያስቀመጠችውን ገራዥ፣ ሕጉን የለወጠውን የእድር ዳኛ ከታሪኩ ያስወጣል። ቦጋለች ራሳቸው የሠሩት ሥራ እነዚህን ሰዎች ባለቤት ማድረግ ነበር።

የማኅበረሰብ ውይይት የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል። በብዙ ቦታ ግን የቀረው ስሙ ብቻ ነው፦ አጀንዳው አስቀድሞ ተጽፎ ይመጣል፣ ተሰብሳቢው የውሎ አበሉን ይፈርማል፣ ቃለ ጉባኤው በዕለቱ ይዘጋል፣ ሪፖርቱም ይላካል። የሕዝቡን የመጀመሪያ ጥያቄ ሰምቶ የራሱን አጀንዳ የሚያዘገይ፣ ለዚያውም ለወራት የሚያዘገይ የበጀት ዓመት እስካሁን አልተፈጠረም።