የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል ለሚገዙ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባሎች፣

ባለፈው ሳምንት ቧንቧው አጠገብ አንድ ለማጅ ሞተሩ አምልጦት፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣች ልጅ ለጥቂት ተርፋለች። ሞተሩ 200 ሲሲ ነው፤ ከተገዛ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር።

ልጆቻችን ሞተር መግዛታቸውን አንቃወምም፤ ሠርተው የሚበሉበት ነው። የሚያሳስበን አመራረጡ ነው። «ጉልበት ያለውን ግዛ፣ ኋላ ትለምደዋለህ» የሚል መካሪ በዝቷል። ተሳስቷል። ለጀማሪ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ይበቃዋል። ሲቀመጥበት ሁለት እግሩ መሬት መርገጥ አለበት። ለማጅ ሲወድቅ ያየነው በሩጫ ሳይሆን ቀስ ብሎ ሲያዞር ነው፤ ሞተሩ ዘመም ሲል እግር ካልደረሰ ያው አብሮ መውደቅ ነው። ጉልበተኛው ደግሞ ነዳጅ ትንሽ ሲጨምሩለት ይፈተለካል።

ያገለገለ የሚገዛ፣ ፍሬኑን ሳይሞክር ብር እንዳይቆጥር። ይበልጥ የሚያቆመው የፊተኛው ነው፤ ሻጭ ግን የኋላውን ብቻ ረግጦ ያሳያል። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር።

ገንዘቡም ሁሉ በሞተሩ አይለቅ። መንጃ ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና ሄልሜት ከዚያው ይወጣሉ። ሄልሜቱን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው የሚነዱ አሉ፤ ክርናቸውን ነው የሚጠብቁት?

በቧንቧው መንገድ መለማመድ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ሞተር የሚያውቁ ሁለት አባሎቻችን ከገዢ ጋር ሄደው ሊያዩለት ፈቅደዋል፤ ቀብድ ሳትከፍሉ ጽሕፈት ቤት ብቅ በሉ።

የማኅበሩ ጸሐፊ