ሜዳውን ማን ይጠብቀው?

አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ እየሳሳ ሳለ፣ ሦስት ሰዎች መስኮቴ ፊት ቆሙ። አንዱ በከዘራ የሚራመዱ የሰፈራችን አባት፣ አንዱ የባጃጅ ሹፌር፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ይዘዋል፤ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ ገንዘብም ይዘዋል። በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ መክፈት ፈልገው ነው የመጡት። የባንክ ሠራተኛ ነኝና የገንዘቡን መጠን አልናገርም። የኖቶቹን ጠባይ ግን ብናገር ምስጢር ማውጣት አይሆንብኝም፤ አሥር ብር፣ ሃምሳ ብር፣ ላብ የጠጣ፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ አንዳንዱም ቡና ቡና የሚሸት። ሳንቲሙን ቆጥሬ ስጨርስ የሒሳቡን ዓላማ ከቃለ ጉባኤው አነበብሁ፤ «የሰፈራችንን የኳስ ሜዳ ለማደስ» ይላል።

ያን ሜዳ አውቀዋለሁ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የእርሱ ፊርማ ነው። ከታቦር ተራራ ወዲህ፣ ጠዋት አባ ኮዳዎች ከሐይቁ ወደ መሬት ሲመለሱ በላዩ የሚያልፉበት፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ጎል ሆኖ የተተከለበት ሜዳ ነው። ከዓመታት በፊት ስለ እርሱ ግጥም ጽፌ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ አንብቤ ነበር። ተጨብጭቦልኛል። አንዲት ሴት እንባዋን ስትጠርግ ማየቴንም አልክድም።

እኒያ አባት ደረሰኙን ሲቀበሉ ትኩር ብለው አዩኝና፣ «አንተ ያ ስለ ሜዳችን ግጥም የጻፍከው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። «አዎን አባቴ» አልኋቸው፤ ደስ ብሎኛል። «ጥሩ ግጥም ነው ብለውኛል። ግን ልጄ፣ ድንጋዩን አላነሣልንም» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ስድብ አልነበረም፤ እንደ ሒሳብ መግለጫ የቀረበ እውነት ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ንግግር እስካሁን ጆሮዬ ላይ ስላለ ነው።

እሑድ በጠዋት ሄድሁ። ዶማና አካፋ ከየቤቱ ወጥቷል። ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ በባሬላ ገረጋንቲ ያጓጉዛል። ባጃጆቹ በጆንያ አሸዋ ይጭናሉ። ልጆች ተሰልፈው ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ ይለቅማሉ። ቡና የምትሸጥ እናት ጀበናዋን ጥላ ሥር ጥዳለች፤ የዚያን ዕለት ሒሳብ አልጠየቀችም። እኔ የተሰጠኝ የውኃ መውረጃውን ቦይ መቆፈር ነበር። እስክሪብቶ የለመደ እጄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውኃ ቋጠረ። ግን አንድ ነገር ተማርሁ፤ ሜዳን የሚገድለው ኳስ አይደለም፣ ውኃ ነው። ጎርፉ መሄጃ ካልተቀደደለት ዛሬ የተደለደለው አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ተጠርጎ ይሄዳል። ቦይ ከሌለ ሰርዶ አይዝም፤ ሰርዶ ካልያዘ አፈሩ አይረጋም፤ አፈሩ ካልረጋ ጉድጓዱና አቧራው ይመለሳሉ። በግጥሜ ውስጥ ስለ አቧራው ብዙ ብያለሁ፤ ስለ ቦዩ ግን አንድ ስንኝ እንኳ አልነበረኝም።

ለመሆኑ አንድ የሰፈር ሜዳ ይህን ያህል ምን ያህያል? ሐዋሳን የሚያውቅ መልሱን ያውቀዋል። በ1996 ዓ.ም. እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ወደዚች የሐይቅ ዳር ከተማ ያመጣው ክለብ ያኔ ስሙ ሐዋሳ ከነማ ነበር። ዛሬ ሐዋሳ ከተማ ይባላል። «ከነማ» የሚለው ቃል «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ማለት እንደሆነ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ክለቡ በስሙ ውስጥ እኛን ተሸክሞ ነበር የሚዞረው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ኔልስፕሩት ላይ፣ በረኛዋ በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው ስትጫወት፣ የዋንጫው ባለቤት በነበረችው ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ያገባው አዳነ ግርማ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። ሽመልስ በቀለም እንዲሁ። ተጫዋች ከስታዲየም አይበቅልም። ስታዲየም መከር የሚሰበሰብበት አውድማ ነው፤ እርሻው የሰፈር ሜዳ ነው።

ሰው መንግሥት ሳያዘው በራሱ ተነሥቶ የኳስን ነገር ማቆሙም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሠረቱት በ1928 ዓ.ም.፣ ፋሽስት ጣሊያን ወረራውን በጀመረበት ዓመት ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ደቦና ወንፈል ነበሩን። እኔ በተወለድሁበት በሲዳማ ምድር የጋራ ሥራና የመተጋገዝ ሥርዓት «ሴራ» ይባላል። (በአማርኛ ቃሉ ሌላ ትርጉም ስላለው አንባቢ እንዳይሳሳት አደራ።) በፊቼ ጫምባላላ ቀን፣ እዚሁ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ፣ አባቶች ሕዝቡን ሰብስበው ስለ ሥራ፣ አገር በቀል ዛፍ ስላለመቁረጥ፣ አቅመ ደካማን ስለ መርዳት ይመክራሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልብ በሉ፤ ጉዱማሌም ገላጣ ሜዳ ነው። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ባዶ እንዳልሆነ የሲዳማ አባቶች ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል።

በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ባንካችን የሚመላለስ አንድ የስሪላንካ ተወላጅ ደንበኛ አለኝ። የቆሰለ እጄን አይቶ ምን እንደሆንሁ ጠየቀኝና ስለ ሜዳው ነገርሁት። ሳቀና ስለ ክሪኬት አወራኝ። እኛ ክሪኬትን አናውቀውም፤ በአገራችንም ሥር አልሰደደም። ጨዋታው የሚያርፍበት የመሐል መደብ ርዝመቱ ሃያ ሜትር ከአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ እንደ ሕፃን ልጅ ይጠበቃል። ይጠጣል፣ ይታጨዳል፣ በከባድ ሮለር ይዳመጣል፣ ዝናብ ሲመጣ በሸራ ይሸፈናል። እርሱ በልጅነቱ ይህን ያደርጉ የነበሩት የሠፈሩ ሰዎች ራሳቸው እንደነበሩ ነገረኝ። ስለ ጉዳዩ ሳነብ ደግሞ የክሪኬት መነሻ በሆነችው በእንግሊዝ «ክሪኬትፎርስ» የሚባል ዘመቻ እንደነበረ አገኘሁ። የውድድሩ ዘመን ሊከፈት ሲል በአንድ ቅዳሜና እሑድ የየመንደሩ ክለብ አባላትና ጎረቤቶች ተሰብስበው አጥር ይቀባሉ፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ይጠግናሉ፣ ሜዳ ያስተካክላሉ። ዘመቻው ለዓመታት የተጠራው በአንድ ባንክ ስም ነበር። የባንክ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ፤ ትንሽም አፈርሁ።

ሕንዶች ክሪኬት የሚጫወቱበትን ገላጣ ቦታ «ማይዳን» ይሉታል። ከእኛ «ሜዳ» ጋር ይዛመድ አይዛመድ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ይፍረዱ፤ ለእኔ ለገጣሚው ግን የድምፁ መቀራረብ ብቻውን ይበቃኛል።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን አንብቦ «እሰየው፣ ተባበሩ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ክርክሬ ግን ገና አሁን ነው የሚጀምረው። በልጅነታችን ሁለት ሜዳ ነበረን። ሁለተኛው ከዚህኛው ይሰፋ ነበር፤ ነገር ግን ጎድጓዳ ስለነበር ቆሻሻ ይጣልበታል። ታላላቆቻችን አንድ ክረምት ሙሉ ለፍተው ሞሉት፣ ደለደሉት፣ ዙሪያውን ዛፍ ተከሉበት። በዓመቱ ግድም በቆርቆሮ ታጠረ። ማን እንዳጠረው አልናገርም፤ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ጎድጓዳ ሆኖ ሳለ የፈለገው አልነበረም፤ ሜዳ ሲሆን ግን ሁሉም አየው። ወንድሞቻችን ያን ክረምት የለፉት ለሌላ ሰው መሠረት ሊያወጡ ኖሯል! ከእነርሱ መካከል ዳግመኛ አካፋ ያላነሣ አለ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ትምህርት ወስዶ ነው።

ስለዚህ በጎ ፈቃድን የምናወድስ ሁሉ አንድ ጥያቄ መመለስ አለብን፤ ሰው የደከመበትን ነገር ማን ይጠብቅለታል? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ቦታ መንገዱ ምደባ ነበር። በወረቀት ላይ ለልጆች ጨዋታ የሚሆን በር ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው? ባለሀብት ጠበቃ አለው፤ ሜዳ ግን አፍ የለውም። ካርታ የሌለው ሜዳ ተይዞ ያልተመዘገበ ገንዘብ ማለት ነው፤ እኛ ባንክ ቤት እንዲህ ያለውን ገንዘብ «የማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ባለቤት ካልተገኘለት ማንም ሊወስደው ይችላል።

ሌላም አስተያየት አለኝ፤ ይህኛው ደግሞ ወደ ራሳችን ነው። በየክረምቱ ሰንደቅ ተዘርግቶ፣ ቲሸርት ተለብሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚበተን በጎ ፈቃድ አለ። አልንቀውም፤ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ሜዳ የሚጠይቀው አንድ ቀን አይደለም። በልግ ሳይገባ ቦዩ ይጠረጋል። ክረምት ሲወጣ ጉድጓዱ ይሞላል። መስመሩ በኖራ ይታደሳል። ይህን የሚያደርግ ቲሸርት የለውም፤ ፎቶም አይነሣም። እኒያ አባት በየሳምንቱ በከዘራቸው ጫፍ የቦዩን አፍ ሲከፍቱ አያቸዋለሁ። በጎ ፈቃድ ለእኔ ያ ነው።

«ሜዳ መሥራት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ሕዝቡ ሲሠራ ግዴታውን ያወርድለታል» የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። ግማሹን እቀበላለሁ። ግን ሥራውን እንከፋፈል፤ አካፋው ከእኛ፣ ካርታው ከከተማው ይሁን። ለአንድ የሰፈር ሜዳ ካርታ ለማውጣት የሚያስፈልገው በጀት ሳይሆን ውሳኔ ነው። ካርታው ከወጣ ደግሞ አደራው ወደ እኛ ይመለሳል። ገቢና ወጪው በግልጽ ይለጠፍ። ሜዳውም ለወንዶች ብቻ አይሁን፤ ያቺ የኮሌጅ ተማሪ ከፊርማዋ በፊት የጠየቀችኝ «ለሴቶች ልጆች የተለየ ሰዓት እንዲኖር በቃለ ጉባኤው ተጽፏልና በደንብ አንብብልኝ» ብላ ነበር። ተጽፏል፤ አነበብሁላት።

ይህን ገጽ የምታነቡ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፣ እኛ ቦታ ስናጣ እንጽፋለን፤ የፈረሰ ቤት፣ የተቆረጠ ዛፍ፣ የጠፋ ሰፈር ሙሾ ሆኖ መጽሐፍ ይሞላል። ሙሾው ቆንጆ ነው። ግን ሟቹ ገና በሕይወት ሳለ አልቅሰን፣ ሲሞት ደግሞ የምንገጥምለት ከሆነ ነገራችን ከሟቹ ይልቅ ለግጥሙ ያደላ አይመስልም? እኔ እንደዚያ ነበርሁ። ከእንግዲህ ግን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ቦይ ጠራጊ ነኝ። ማመልከቻው ለከተማው ሲጻፍም አርቃቂው እኔ እንድሆን ተወስኗል፤ ብዕሬም በመጨረሻ ለሜዳው ሥራ አገኘ። ካርታው ይወጣ አይወጣ አላውቅም። የድሮው ግጥሜ ግን ስለማያስፈልግ በእርሱ ፈንታ ይህችን ጽፌያለሁ፤

ሜዳዬ ሜዳዬ እያልሁ ስገጥምልህ፣
ጎርፍ ያርስህ ነበር ቆሜ ሳላይልህ።
ዛሬ ግን መጣሁኝ አካፋ ይዤልህ፣
ቃሌን ከአፈርህ ጋር ልደልድልልህ።