ስለ ወባና ስለ መከር ጊዜ

ከአጅባርና ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርደው ገበሬ እኽሉን የሚሰበስብበት ወራትና ወባ የሚበረታበት ወራት አንድ ነው፤ ይኸውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ስለዚህ የወባ ነገር ለሐኪም ብቻ የሚተው ሳይሆን የአገር ሹምና ባለመሬት እንደ እርሻ ሥራ ቈጥረው ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ብዙ ሰው ንዳድ ከቆላ አየር የሚመጣ ይመስለዋል፤ የኢጣሊያም ሰዎች እንዲሁ ስለ መሰላቸው በሽታውን «ክፉ አየር» ብለው ሰይመውታል። ዳሩ ግን ሮናልድ ሮስ የሚባል ሐኪም በ1889 ዓ.ም. በሕንድ አገር የወባን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ። ሴቲቱ ትንኝ በሌሊት የታመመውን ሰው ነክሳ ተሐዋሲውን ከደሙ ትወስዳለች፤ በሆድዋም 10 ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ከበሰለ በኋላ ጤነኛውን ስትነክስ ታስተላልፍበታለች። እንቁላልዋንም የምትጥለው በቆመ ውሃ ላይ ነው።

ብርድ ተሐዋሲውን እንዳይበስል ስለሚከለክለው የደጋ ሰው በአገሩ ብርድ ይታመናል። ነገር ግን በሽታውን ያልለመደ ነውና ቆላ በወረደ ጊዜ ከቆለኛው ይልቅ ይጎዳል። ደግሞም ዝናሙና ሙቀቱ ከልማድ በበለጠበት በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. በቆየው ወረርሽኝ፣ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150 ሺህ ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። እንግዲህ ከፍታ ብቻውን ጋሻ አይሆንም።

ስለዚህ ሹማምንትና ባለመሬቶች፣ መከር ሳይደርስ አራት ነገር ብታስፈጽሙ መልካም ነው። መጀመሪያ፣ በቆላው መንደርና በአውድማው ዙሪያ የቆመው ውሃ በቦይ ይፍሰስ፣ ጉድጓዱም ይደፈን። ሁለተኛ፣ በአገራችን በተደረገ ምርምር የትንኝ ዕጭ የበቆሎ አበባ ብናኝ ሲመገብ ፈጥኖ እንደሚያድግ ታውቋልና በቆሎ ከመኖሪያ ቤት ራቅ ተደርጎ ይዘራ። ሦስተኛ፣ በእርሻው ጎጆ የሚያድር አጫጅና ጠባቂ ሁሉ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዞ ይውረድ። አራተኛ፣ ንዳድና ብርድ ብርድ ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር፤ ክፉው ወባ በጥቂት ቀን ይገድላልና።

ገበሬው በመከር ቀን ቢተኛ እኽሉ በማሳው ይረግፋል፣ ግብሩም ይጎድላል፣ ልጆቹም ይራባሉ። የአጎበርና የቦይ ድካም ከዚህ ጋር ቢመዘን እጅግ ቀላል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ትእዛዙ በጥቅምት ሳይሆን በነሐሴ ይሰጥ።