ጢሱ ያለበት መንደር

ከማድሪድ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው ኤ-5 አውራ ጎዳና ሰፊና ፈጣን ነው። ብዙው አሽከርካሪ ናቫልሞራል ዴ ላ ማታ የተባለችውን ከተማ ዞር ብሎ ሳያያት ያልፋል። እዚያ ላይ ወደ ሰሜን የታጠፈ ተጓዥ ግን ከግሬዶስ ተራሮች ግርጌ ላ ቬራ የምትባል ወረዳ ውስጥ ይገባል። የስፔንን ገጠር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህች ጠመዝማዛ መንገድ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ መቸኮል አይቻልም። በብዙ መንደሮች አቅራቢያ ከተራራው የሚወርድ ጅረት አለ፤ በሐምሌ ሙቀት ሕፃን አዋቂው ይዋኝበታል። ጋርጋንታ ላ ኦሊያ ስትደርሱ የቤቶቹ ፎቅ ወደ መንገዱ ገፍቶ ስለወጣ ትይዩ ያሉት ጣሪያዎች ሊነካኩ ጥቂት ነው የቀራቸው። መኪናን ከውጭ ትቶ በእግር መግባት ይሻላል።

ወረዳዋን ያስጠራት ግን በርበሬ ነው። ተክሉ ራሱ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ስፔንም ኢትዮጵያም አያውቁትም ነበር። ሙርሲያ በተባለው ደረቅ ክፍለ ሀገር በርበሬ እንደኛው አገር ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ላ ቬራ ላይ በለቀማው ወቅት፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ዝናብ ስለሚጥል ፀሐይ አትታመንም። ስለዚህ ባለ ሁለት ደርብ ማድረቂያ ቤት ይሠራል፤ ከታች የባሉጥ እንጨት ይጨሳል፣ ከላይ በርብራብ ላይ በርበሬው ይዘረጋል። እሳቱ መንበልበል የለበትም። ከ10 እስከ 15 ቀን እንዲህ ሲቆይ፣ በየቀኑ አንድ ሰው ጢሱ ውስጥ ገብቶ በእጁ ያገላብጠዋል። ከዚያ ወፍጮ ነው። ፒሜንቶን የሚሉት ዱቄት ጣፋጭ፣ መካከለኛና የሚያቃጥል ተብሎ በሦስት ይለያል። በርበሬ ሲቀነጠስና ሲደለዝ እያየ ያደገ ሰው ያ ሽታ ሲያገኘው ሳይቆም አያልፍም።

የስፔን ንጉሥ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛም ዘውዱን ለቅቆ፣ ሪህ እያሠቃየው፣ እ.ኤ.አ. በ1557 የገባው እዚሁ ላ ቬራ ውስጥ ወዳለው ዩስቴ ገዳም ነው። በዓመቱ እዚያው አረፈ።

የሚያሳዝነው የስፔን ገጠር ሰው እያለቀበት መሆኑ ነው። ወጣቱ ከተማ ይገባል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ የአውቶቡሱ ምልልስ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2019 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ሰዎች ማድሪድ ወጥተው አቤት ያሉት በዚሁ ነበር። የቀረው ቡና ቤት የመንደሩ ጉባኤም፣ የሽማግሌዎቹ መዋያም ነው፤ እሱ ከተዘጋ መገናኛ የለም።

ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ፣ ምሳችሁን ከመንደሩ ቡና ቤት ብሉ፤ ሌሊቱንም እዚያው እደሩ፤ ፒሜንቶኑን ከማድሪድ ሱቅ ሳይሆን ከጨሰበት መንደር ግዙ።