የድሃ እግር ዋጋው ስንት ነው?

ጅማ የቡና አገር ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ ቡና ሲለቀም ጎማ፣ ገራ፣ ማና፣ ሊሙ፣ ሁሉም ብር ብር ይሸታል። ቡናው ሲሸጥ ዶቅዶቄ ይገዛል። ዶቅዶቄው ሲበዛ ደግሞ የስብራት ክፍሉ አልጋ ይሞላል። ይሄን ለማወቅ ጥናት አያሻም፤ በገበያ ቀን ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሰው፣ ከኋላ ኩንታል፣ በማንም ራስ ላይ ሄልሜት የለም።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ አደጋው ልናገር አይደለም። ከአደጋው በኋላ ስለሚመጣው ሁለተኛ አደጋ ነው። የመጀመሪያውን የሚያደርሰው አይሱዙ ነው። ሁለተኛውን የሚያደርሰው እስክሪብቶ ነው። ደግሞም እስክሪብቶውን ከያዙት አንዱ እኔው ራሴ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ የሰው ሞተር እየነዳ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት በኅዳር፣ በቡና ጊዜ፣ አንድ አይሱዙ ሌላ መኪና እቀድማለሁ ብሎ የእሱን መስመር ይዞ መጣበት። ቀኝ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ሆስፒታል በገባ በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ አልዋሽም። «እናታችን፣ ይህ ከአላህ የመጣ ነው። ሰውየውም ልጆች አሳዳጊ ነው። ሃያ ሺህ ብር ይስጥና ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን እንባባል» አሏት። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችኝ። እኔ የተማርኩት አነበብኩላት። «ጥሩ ነው፣ ፈርሚ» አልኳት። ጣቷን ቀለም አስነክራ አተመች። እኔ ደግሞ በምስክርነት ፈረምኩ።

እግሩ መግል ቋጠረ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ሦስተኛ ተደረገለት። ሃያ ሺሁ ብር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለቀ። ልጁ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ፍርድ ቤት ስንቆም የባለመኪናው ጠበቃ አንዲት ወረቀት መዞ አሳየ። የእኔ ፊርማ ያለባትን! ክሱ እዚያው ላይ አበቃ።

ለምን አበቃ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3312 እንዲህ ያለውን ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጥረው ነው። ለካስ እኔ «ጥሩ ነው» ስላት ፍርድ መስጠቴ ኖሯል!

ያው ሕግ ለተጎጂው የሰጠውን መብት ግን ማንም አልነገረንም። በቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ይሄ ሞተሩን ለጎረምሳ አከራይቶ ቤቱ ለሚተኛው ባለሞተርም ይሠራል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ በቁጥር 2084 ሁለቱንም እኩል አጥፊ አድርጎ ነው የሚነሣው፤ ጥፋቱ የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን የድሃ እንጀራ ነው። የካሳው መጠን ደግሞ ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። ያጣኸው ገቢ፣ ያወጣኸው የሕክምና ወጪና ወደፊት የሚቀርብህ ሁሉ ይታሰባል ማለት ነው። ሃያ ሺህ ብር የየትኛው ዓመት ገቢ ነው?

«ሽምግልና ባህላችን አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ነው እንጂ! ቂም በሽማግሌ ባይበርድ ኖሮ ይሄ አገር ገና ድሮ ተበላልቶ ባለቀ ነበር። ሽማግሌ ልብን ያስታርቅ፤ እሰየው። አጥንት ግን ሐኪሙ ሥራውን ሳይጨርስ አይታረቅም። ቆዳ ቀዶ የወጣ የቅልጥም ስብራት ለመጠገን ወራት ይፈጃል። መግል ከያዘማ ዓመትም አይበቃው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ዛሬ «ደህና ነኝ» ብሎ ከወር በኋላ የልጁን ስም ሊረሳ ይችላል። በዚያ ላይ ገንዘብ ያነሰው ቤተሰብ ከሐኪም ቤት ወደ ወጌሻ ይሮጣል። በቀርከሃ ከልክ በላይ የታሰረ እግር ደም አጥቶ ይሞታል፤ መጨረሻው መቆረጥ ነው። ታዲያ በአምስተኛው ቀን የተፈረመ ወረቀት የየትኛውን ጉዳት ዋጋ ቆርጦ ነው?

አሁን ወደ ሕግ አውጪዎቻችን ልምጣ። የዚያ የ1952ቱ ሕግ ቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። አዎ፣ አንድ ሺህ ብር! ልጇ የሞተባት እናት ለእንባዋ የምትጠይቀው ጣሪያው እሱ ነው። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣና ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣና ሄደ። አንድ ሺህ ብሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። በዚያን ዘመን ብዙ ነገር ትገዛ ይሆናል። ዛሬ ለለቅሶ ቤቱ ቡና እንኳ አትበቃም።

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣም ለሞተ ሰው እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር ብሎ ነበር። ከአባወራው የተደረመሰው አጥር በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ጣሪያው ከጊዜ በኋላ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ይሁን። ነገር ግን ስንቱ የአጋሮና የየቡ ሰው ነው እንዲህ ያለ መድን መኖሩን የሚያውቀው? ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ጉዳት ቢያደርስ የሚክስ የመድን ፈንድ እንዳለስ ማን ነገረው? የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ማን ለጠፈለት? እኔ ልጁን ይዤ በተንከራተትኩባቸው በሮች ሁሉ የግብር መክፈያ ማስታወቂያ አይቻለሁ። የካሳ ማስታወቂያ ግን አንድም አላየሁም።

ሹማምንቱ ሲፈልጉ አይሳናቸውም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ፈቃድ ካልያዘ እንዳይንቀሳቀስ ሲባል ምክንያቱ ዝርፊያ ነበር። ለተነጠቀ ሞባይል እንዲህ የተቆጣ መንግሥት ለተነጠቀ እግር የሚቆጣው መቼ ነው?

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተጎጂው መብት በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በየጤና ጣቢያውና በየፖሊስ ጣቢያው በር ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ሐኪም የጉዳቱን መጠን ሳያረጋግጥ የተፈረመ የካሳ ስምምነት እንዳይጸና ሕግ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ያቺ አንድ ሺህ ብር ከሕጋችን ላይ ትነሣ፤ ታሳፍራለች!

መንግሥት እስኪሰማ ግን አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ስሙኝ። አደጋ ሲደርስ ሰሌዳውን ያዙ፣ ፖሊስ ጥሩና ፕላን አስነሡ። የሕክምና ደረሰኝ እንዳትጥሉ። የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሜዲካል ቦርድ ማስረጃ ጠይቁ። ለካሳ ክስ የተሰጠው ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ነው፤ «ዛሬ ነገ» የሚሏችሁ ሰዎች የሚበሉት እሱን ነው። ሽማግሌ ሲመጣ ቡና አፍሉለት፣ አክብሩት፣ መርቁት። እስክሪብቶ ሲያወጣ ግን «አባቴ፣ ሐኪሙ ይጨርስ» በሉት።

እኔ ያን ቀን ይህቺን ቃል ባውቃት ኖሮ የአክስቴ ልጅ ዛሬ እንደልቡ በሮጠ አልልም። ክራንቹን ግን በልመና ባልገዛ ነበር። አክስቴ እስካሁን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እኔ ግን በዚያች ወረቀት ላይ ያለውን ፊርማዬን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። ቢሮ የተቀመጡት እንዴት እንደሚተኙ እነሱ ያውቃሉ።